አባይነህ የተለቀሰለት ቀን

ይርገዱ ሽንኩርት ትልጣለች። የባሏ የአባይነህ አርባ ነገ ነው። ግቢው ውስጥ የጎረቤት ሴቶች ምስር ይለቅማሉ፣ ድስት ያጥባሉ፤ እሷ ደግሞ ከማጀቱ በር ላይ ዱካ ስባ ተቀምጣ አንድ ጆንያ ቀይ ሽንኩርት ከፊቷ ዘርግፋለች። ሐዘንተኛ ሥራ አይነካም። ሦስት ጊዜ ቢላዋውን ሊነጥቋት መጡ፣ ሦስት ጊዜም «ተዉኝ፣ እጄ ሥራ ይፈልጋል» ብላ መለሰቻቸው። እንባዋ በጉንጯ ላይ ኩልል እያለ ይወርዳል። የሚገባው ሁሉ ያያትና ራሱን ይነቀንቃል። «አይ ይርገዱ፣ እንዲህ ሆና ትቅር» ይላል።

እውነቱን የሚያውቁት እሷና ሽንኩርቱ ነበሩ። አባይነህ ከሞተ ጀምሮ ከዓይኗ አንዲት ዘለላ እንባ ጠብ ብላ አታውቅም። አርባው ሲቃረብ፣ ደረቅ ዓይን ይዞ እንግዳ ፊት መቀመጡ አስፈራትና ጆንያውን ራሷ ሄዳ ከጠይባ ሱቅ አሸክማ መጣች።

ሌላ ሴት ብትሆን ነገሩ ባልገረመ። ሐዘን እንደየሰው ነው፤ አንዱን ያስጮኸዋል፣ ሌላውን ያፈዘዋል። ይርገዱ ግን አልቃሽ ነበረች። ከፈረንሳይ ለጋሲዮን አንስቶ ዳገቱን እስከ እንጦጦ ድረስ ሰው ሲሞት መጀመሪያ ቄስ ይጠራል፣ ቀጥሎ የእድሩ ጥሩንባ ነፊ፣ ከዚያ ይርገዱ። እሷ ገብታ ነጠላዋን አደግድጋ አንድ ጊዜ ድምፅዋን ካወጣች፣ ለወጉ ያህል የመጣው ሰው ሳይቀር የራሱን ሙት እያስታወሰ ይንሰቀሰቃል። ሰው አልቅሶ ሲወጣ ቀለል ይለዋል። ይህንን ማንም አልጻፈውም፤ ግን ሁሉም ያውቀው ነበር።

አሠራሯም ቀላል ነበር። ለቅሶ ቤት ከመግባቷ በፊት በር ላይ ቆማ ሦስት ነገር ትጠይቃለች፦ የሟቹን ስም፣ የትውልድ አገሩን፣ ስንት ልጅ ትቶ እንደሄደ። የቀረውን ራሷ ትሞላዋለች። በይርገዱ አፍ ተራ ሰው ሞቶ አያውቅም። ዶሮ ማረድ የሚፈራው አንበሳ ይሆናል፣ አበዳሪውን ሸሽቶ የኖረው ቸር ይሆናል፣ አፏ የማያርፍላት ርግብ ትሆናለች። ልብስ ሰፊው ምንያህል የሞተ ጊዜ እንዲህ አለችለት፦

«በመርፌ ቀዳዳ ግመል ያሳለፈ፣
እንዴት በአንድ ሌሊት ሳይነግረን አለፈ።»

ከሁሉ አብልጠው ያለቀሱት ጨርቃቸውን ሰጥተውት ለሰባት ወር ያልመለሰላቸው ደንበኞቹ ነበሩ።

ታዲያ እንዲህ ያለችው ሴት ለገዛ ባሏ አንዲት ስንኝ ሳትወጣላት፣ እንባ ከሽንኩርት የምትበደር እንዴት ሆነች? ነገሩ የጀመረው አባይነህ ከመሞቱ ሦስት ሳምንት ቀደም ብሎ፣ ከአንድ ወረቀት ነው።

የእድሩ ዳኛ አቶ ወንድይራድ ናቸው። ጡረታ እስኪወጡ ፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ውስጥ ስለሠሩ፣ ደንብ የሌለው ነገር አይዋጥላቸውም። በጠቅላላ ጉባኤው ቀን ተነስተው ጥርት ባለ ድምፅ አነበቡ፦ «በየትኛውም ቦታ ሙሾ ማውረድ፣ ደረት መምታት፣ ፊት መንጨት ከእንግዲህ ክልክል ነው። ደንቡን የተላለፈ አባል ከመዝገብ ይሰረዛል።» ምክንያቱን ሲጠየቁ፣ ቤተ ክርስቲያንም አትደግፈውም፣ ዘመኑም አይፈቅደውም አሉ። ሰው ተስማማ። ዘመኑ አይፈቅድም ከተባለ ማን ይከራከራል።

ወረቀቱ ለፊርማ ሲዞር ይርገዱ ጋ ደረሰ። ይርገዱ በስልሳ አራት ዓመቷ የጎልማሶች ትምህርት ገብታ ፊደል የቆጠረች ሴት ናት። እስከዚያ ቀን ድረስ በየወረቀቱ ላይ አውራ ጣቷን ስትነክር ኖራለች። የዚያን ዕለት ግን እስክሪብቶ ጠየቀች። ምላሷን በከንፈሯ ጫፍ ይዛ «ይርገዱ» ብላ ስትጽፍ፣ ከጎኗ የነበሩት ሴቶች አጨበጨቡላት። ከፊርማዋ በላይ ያለውን አላነበበችውም፤ ለስሟ ማማር ብቻ ተጨንቃ ነበር። በገዛ እጇ ፈርማ ያጸደቀችው የመጀመሪያ ወረቀት የራሷን ሙያ የሚከለክል ሆነ።

አባይነህ ሲሞት እንግዲህ ደንቡ ገና ቀለሙ አልደረቀም። ድንኳኑ ተተከለ። ወንዶቹ ካርታ ይጫወታሉ፣ ሴቶቹ ያንሾካሹካሉ፣ አስከሬኑም በጸጥታ ወጣ። በሠልስቱ አቶ ወንድይራድ ተነስተው «ወይዘሮ ይርገዱ እንኳን በራሳቸው ሐዘን ደንቡን አክብረዋል፤ ለሁላችንም ምሳሌ ናቸው» ብለው አመሰገኗት። ይርገዱ አንገቷን ደፋች።

ምሳሌ ልትሆን አስባ አልነበረም። ድንኳኑ በተተከለ ማግስት ጠዋት ወደ ጓዳ ገብታ በሩን ዘግታ ሞክራው ነበር። ነጠላዋን ዘቅዝቃ፣ ዓይኗን ጨፍና፣ እንደ ልማዷ «አንበሳው» ብላ ጀመረች። ከዚያ ቆመች። አባይነህን አየችው። አባይነህ ውሻ ከጮኸ ከቤት የማይወጣ ሰው ነበር። ሠላሳ አንድ ዓመት የእንጦጦ ባሕር ዛፍ ዘበኛ ሆኖ ሲሠራ፣ እንጨት ለቃሚዎቹ ሴቶች ሸክማቸውን ይዘው በአጠገቡ የሚያልፉት እንዳይቀሰቅሱት በእግራቸው ጣት ነበር። አንዳንዶቹ አውቆ ነው የሚተኛው፣ አዝኖልን ነው ይላሉ። ይርገዱ ግን ሌሊቱንም እንደዚያው ሲተኛ ስለምታውቅ በዚህ አትስማማም። ለሌላው ሙት ሦስት ነገር ብቻ ታውቅ ስለነበር የቀረውን መሙላት ቀላል ነበር። አባይነህን ግን አርባ ዓመት ሙሉ ታውቀዋለች፤ የሚሞላ ባዶ ቦታ አልነበረውም። «አንበሳው» የሚለው ቃል ጉሮሮዋ ላይ እንደ አጥንት ተሰንቅሮ ቀረ።

አርባው አለፈ፣ ሽንኩርቱም አለቀ፤ ጉሮሮዋ ግን አልተከፈተም። እህል አልወርድ አላት። ደረቷ ላይ ድንጋይ የተጫነ ይመስላታል። መንገድ ዳር በምትሸጠው ጎመን ላይ እጇን ጭና ፈዝዛ ትውላለች፤ ገዢ መጥቶ መርጦ፣ ራሱ ጠቅልሎ ይሄዳል። በአራተኛው ወር ጤና ጣቢያ ሄደች። ሐኪሙ አዳመጣት፣ ደም አስወሰዳት፣ ወረቀቱን አገላበጠና «እማማ፣ የሚታይ በሽታ የለብዎትም። ጭንቀት ነው» አላት። ከዚያ መድኃኒት ይጽፍልኛል ብላ ስትጠብቅ አንድ አድራሻ ጻፈላት። ወረዳው አዳራሽ ውስጥ አንድ ማኅበር በየቅዳሜው ከሰዓት ሰዎች በዜማና በግጥም ራሳቸውን እንዲያክሙ ያሠለጥናል። ስድስት ቅዳሜ ነው፤ ሻይም አለ።

ወረቀቱን ለጠይባ አሳየቻት። ጠይባ ከአጠገቧ ሱቅ ያላት፣ ከስልጤ መጥታ ሃያ ሁለት ዓመት በሰፈሩ የኖረች፣ ዝም ማለት የማትችል ሴት ናት።

«እትዬ ይርገዱ፣ ምን ሊያስተምሩዎት ነው?» አለቻት።

«ግጥም መግጠም።»

ጠይባ ሚዛኑን ይዛ ቆመች። «እርስዎን?»

«ሐኪም ያዘዘውን አትናቂ። ሻይም አለ ብለዋል።»

«እንግዲያው እኔም እመጣለሁ። ይህንንማ ሳላይ አልሞትም።»

አሠልጣኟ ሀናን ትባላለች። የሲግናል ሰፈር ልጅ ናት፤ ሃያ ስድስት ዓመት ቢሆናት ነው። ኪቦርድ ይዛ መጥታ፣ አሥራ አራቱን ሴቶች በክብ አስቀመጠቻቸውና ዓይናቸውን ጨፍነው እንዲያዜሙ አደረገች። ከዚያ ተነስታ ሰሌዳው ላይ ጻፈች። «ዛሬ ፊሊንጋችንን ኤክስፕረስ ማድረግ እንጀምራለን፣ እሺ? ስሜታችንን በሁለት መስመር ግጥም እናወጣለን። ግጥም ማለት፣ የሁለቱ መስመር መጨረሻ ድምፁ ሲመሳሰል ነው። ከባድ አይደለም። አትፍሩ።»

ጠይባ ወደ ይርገዱ ጆሮ ጠጋ አለች። «እትዬ፣ ለቀባሪው እያረዱት ነው።»

«ዝም በይ። ልጅቷ ጥሩ ታስረዳለች።»

ይርገዱ ደብተሯን አውጥታ የተባለውን ሁሉ ጻፈች፦ የሁለቱ መስመር መጨረሻ ይመሳሰል። ሀናን መጥታ ጽሑፏን አየችና «በጣም ጎበዝ» አለቻት። ይርገዱ ደስ አላት። በዕድሜዋ ብዙ ሰው አልቅሶላታል እንጂ ጎበዝ ያላት አልነበረም።

ተራዋ ሲደርስ ግን ብዙ አላሰበችም። እጇ የለመደውን አወጣች፦

«የእንጦጦው አንበሳ፣ የጫካው ንጉሥ፣
ማን ይጠብቀዋል ዱሩ ሲላወስ።»

ዜማዋን ሲሰሙ ሴቶቹ ነጠላቸውን ወደ ዓይናቸው አነሱ። ሁለቱ ተንሰቀሰቁ። ይርገዱ ብቻ ደረቅ ዓይኗን ይዛ ቁጭ ብላ ጉሮሮዋን ነካች፤ አጥንቱ እንደነበረ ነው። ሀናን ጸጥታው እስኪመለስ ጠበቀች።

«እማማ፣ በጣም ያምራል። ሪትሙም አሪፍ ነው። ግን፣ ባለቤትዎ ጠዋት ሲነሱ መጀመሪያ ምን ያደርጉ ነበር?»

ይርገዱ አሰበች። «ካልሲውን ይፈልጋል።»

«ያገኙታል?»

«እግሩ ላይ ነው። አድርጎት ነው የሚተኛው።»

ሴቶቹ ሳቁ። ቅድም የተንሰቀሰቁት ሁለቱ ሳይቀሩ። ሀናንም ፈገግ አለች። «እሱን ቢጽፉልኝስ? ለመጨረሻው ቅዳሜ።»

የይርገዱ ፊት ተለወጠ። «ልጄ፣ ሙት አይወቀስም። እኔ በዚህ ሥራ ሠላሳ ዓመት ስኖር ካልሲ የገባበት ለቅሶ አልቅሼ አላውቅም።»

«ለሰው የሚለቀስ አይደለም እኮ እማማ። ለራስዎ ነው።»

ይርገዱ ተቆጥታ ወጣች። መንገዱን ሁሉ «ካልሲ አለችኝ» እያለች ሄደች፤ ጠይባ ደግሞ ከኋላ ከኋላዋ እየሳቀች። ቤቷ ገብታ ደብተሩን ወደ ቁም ሳጥኑ ላይ ወረወረችው። በሦስተኛው ቀን አወረደችው።

እዚህ ላይ ያልታሰበ ነገር ሆነ። ይርገዱ ሙሾን በአፏ ስታወርድ ቃሉ ከሐሳቧ ይቀድማል፤ አንዱ ስንኝ ሳያልቅ ሌላው ይደርሳል። በእጇ ስትጽፍ ግን አንዱን ፊደል ለመጨረስ ትንፋሿን መያዝ አለባት። «አንበሳ» ብላ ለመጻፍ ጀምራ «ን» ላይ ስትደርስ እጇ ደከመ። እጇ ሲያርፍ፣ አባይነህ ከደጅ ውሻ ሲጮኽ ስኒውን ይዞ ወደ ጓዳ ሲሸሽ ታያት። ውሸት ፈጣን እጅ ይፈልጋል። የይርገዱ እጅ ደግሞ ዘገምተኛ ነው፤ እውነቱ ሁልጊዜ ይደርስባታል። ጽፋ፣ ሰርዛ፣ ጽፋ፣ በአምስተኛው ቅዳሜ አራት ጥንድ ስንኝ ነበራት። ለራሷ በለሆሳስ አንብባው ጉሮሮዋ ውስጥ የሆነ ነገር ንቅንቅ አለ።

ወሬ በሰፈር አይደበቅም። በሳምንቱ አቶ ወንድይራድ ባርኔጣቸውን አድርገው ጎመኗ ፊት ቆሙ።

«ወይዘሮ ይርገዱ፣ እንደምን አሉ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን። ስንት እስር ልጠቅልል?»

«ጎመን አልፈልግም። ቅዳሜ የመዝጊያው ቀን የሰፈር ሽማግሌ ተብዬ ተጋብዣለሁ። እርስዎም ያዜማሉ አሉ፤ ስለ አባይነህ።»

«ሥልጠና ነው። ሐኪም ያዘዘው።»

«ሙሾ ከሆነ ደንቡን ያውቁታል።»

«አዳራሹ ለቅሶ ቤት አይደለም እኮ።»

«‹በየትኛውም ቦታ› ይላል። እኔ ነኝ ያረቀቅሁት። መሰረዝ ደስ ብሎኝ አይደለም። ግን የተጻፈ ተጽፏል።»

ሲሄዱ ጠይባ ከሱቋ ብቅ አለች። «ይተዉት እትዬ። ሌላ ነገር ይዝፈኑ። ስለ ጎመን ይዝፈኑ፤ ጎመንን ማን ይከለክላል?»

ይርገዱ አልሳቀችም። ሃያ ስድስት ዓመት በእድሩ ኖራለች። በዚህ ሰፈር ከእድር የተሰረዘ ሰው በቁሙ እንደሞተ ነው፤ ልዩነቱ ቀባሪ የሌለው መሆኑ ብቻ ነው። የማን ትከሻ ይሸከማታል? ማን ድንኳን ይተክልላታል? ስለ ጎመን ሁለት ስንኝ ጻፈች። ጥሩ ስንኝ ነበር፤ አንብባው እንቅልፏ መጣ።

ቅዳሜ ደረሰ። አዳራሹ ሞላ፤ መስኮቶቹም ወደ መንገዱ ተከፍተዋል። አቶ ወንድይራድ ከፊት ወንበር ላይ ማስታወሻቸውንና እስክሪብቷቸውን ይዘው ተቀምጠዋል። ይርገዱ ደብተሯን ይዛ ተነሳች። በአንደኛው ገጽ ጎመኑ አለ፣ በሌላኛው አባይነህ። ቆማ አሰላሰለች። ይህ ነገር ውስጤ ከቀረ ይገድለኛል፤ እድሩም አሳምሮ ይቀብረኛል። ካወጣሁት ደግሞ እድናለሁ፤ ቀባሪ ግን አይኖረኝም። ሁለተኛው ይሻላል፤ ቢያንስ ቀባሪ የሚፈለግበት ጊዜ ይገኛል። ገጹን ገለጠች። ሀናን ኪቦርዱን ልትነካ ስትል በእጇ ከለከለቻት። ሰፈሩ ሁሉ በሚያውቀው በዚያ በለቅሶ ዜማ ጀመረች፦

«አንበሳ ነው ብዬ እንዳልዋሽበት፣
ውሻ የጮኸ ቀን አይወጣም ከቤት።

ጫካ ጠባቂው ሰው ትቶና ዛፍ ዛፉን፣
ሲጠብቅ ኖረ እንጂ የገዛ እንቅልፉን።»

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። እንጨት ለቃሚ የነበረች አንዲት አሮጊት «እውነቷን ነው፣ እኔ ምስክር ነኝ» አለች። ይርገዱ ግን አላቋረጠችም። ድምፅዋን ዝቅ አደረገች፦

«‹ምነው ዝም ባለ› ስል ሲያንኮራፋ አድሮ፣
ሰምቶኝ ነው መሰለኝ ዝም አለ ዘንድሮ።

ስሜን ጠርቶ አያውቅም፣ ‹አንቺ› ነው የሚለኝ፣
ዛሬ ስሜ በዛ፣ ‹አንቺ› የሚል የለኝ።»

የመጨረሻውን ቃል መጨረስ አልቻለችም። ከአባይነህ ሞት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ያለ ሽንኩርት፣ አለቀሰች። ይርገዱ ስታስለቅስ እንጂ ስታለቅስ ማንም አይቷት ስለማያውቅ ሴቶቹ ለአፍታ ምን ማድረግ እንዳለባቸው ጠፋቸው። ከዚያ ሁሉም ነጠላቸውን ዘቅዝቀው ከበቧት።

ለቅሶ ሰምቶ ዝም ብሎ ማለፍ ነውር ነው። መንገድ ላይ የነበረው ሰው ዜማውን በመስኮት ሲሰማ ሸቀጡን ደጅ አስቀምጦ፣ ባርኔጣውን አውልቆ፣ አንድ አንድ እያለ ገባ። ግድግዳውን ተደግፎ በሐዘን ፊት ተቀመጠ። ከፊት የቆመችው ልጅ ጥቁር ልብስ ስለለበሰች ሐዘንተኛዋ እሷ መሰለቻቸውና እየተነሱ «እግዜር ያጽናሽ» ይሏታል። ሀናንም ግራ ተጋብታ «አሜን፣ ታንክ ዩ» እያለች ትጨብጣለች።

አንድ ሽማግሌ ጠይባን በሹክሹክታ ጠየቃት። «ማን ነው የሞተው?»

«አባይነህ።»

«የትኛው አባይነህ? ያ የደን ዘበኛው? እሱ እኮ ከሞተ አምስት ወሩ ነው።»

«አዎ» አለች ጠይባ አፍንጫዋን እየጠረገች። «የተለቀሰለት ግን ዛሬ ነው።»

አቶ ወንድይራድ ማስታወሻቸውን ኪሳቸው ከትተው ማንንም ሳይሰናበቱ ወጡ።

በማግስቱ እሑድ እድሩ ተሰበሰበ። የዕለቱ ጉዳይ አንድ ብቻ ነበር። ይርገዱ ከፊት ተቀመጠች። ትናንት ማታ ሁለት እንጀራ ስለበላች ፊቷ ላይ ደም ነበረው። ይህም አልጠቀማትም፤ ጸጸት ያለበት ሰው ፊት አይመስልም ነበር።

አቶ ወንድይራድ ደንቡን አነበቡና መነጽራቸውን አወለቁ። «ወይዘሮ ይርገዱ፣ ይህን ያውቁታል?»

«ፈርሜበታለሁ።»

«ታዲያ?»

«ስፈርም ባሌ በሕይወት ነበር።»

ከኋላ የተቀመጡ አንድ አባል እጃቸውን አወጡ። «እኔ አዳራሹ ውስጥ ነበርሁ። ያ ሙሾ አይደለም። ሙሾ ሙትን ያወድሳል። እሷ እኮ ሰውየውን እንቅልፋም ነው፣ ፈሪ ነው አለችው። ይህ በእድር ሳይሆን በፍርድ ቤት የሚታይ ነው።»

«ሚስቱ ካለችው ማን ይከሳል?» አለ ሌላው።

«ዜማው የሙሾ ነው።»

«ቃሉ ግን የጠብ ነው።»

«ታዲያ ለምን አለቀስህ?»

«አላለቀስሁም። ጉንፋን ይዞኝ ነው።»

ክርክሩ እስከ ምሳ ቀጠለ። በመጨረሻ አቶ ወንድይራድ ተነሱ። «አንድ ነገር ልናገር። እንደ ዳኛ ሳይሆን እንደ ምስክር ይያዝልኝ» አሉ። «ባለቤቴ የሞተች ጊዜ ወይዘሮ ይርገዱ መጥተው ‹ድምፅሽ የማይሰማ ርግቢቱ› ብለው አለቀሱላት። ሰው ሁሉ አነባ። እኔ ተቀምጬ ግራ ገባኝ። የእኔ ሚስት ድምፅ እስከ ሲግናል ይሰማ ነበር። ጫማ ወርውራ ስትስተኝ ሌላኛውን ጫማ የማቀብላት እኔ ነበርሁ። ያን ቀን ሌላ ሴት የቀበርሁ መሰለኝ። የእኔይቱን እስካሁን የቀበራት የለም። ደንቡን ያረቀቅሁት በዚያው ሳምንት ነው።»

ይርገዱ ቀስ ብላ «ስሟን፣ አገሯን፣ የልጆቿን ቁጥር ብቻ ነው የጠየቅሁት። የቀረውን ማንም አልነገረኝም» አለች።

«ማንም አልጠየቀኝም» አሉ አቶ ወንድይራድ።

ይርገዱ ከመዝገብ አልተሰረዘችም። ግን የመዝገብ ቤት ሰው ደንብን ይሽራል እንጂ ያለ ደንብ አያድርም፤ በሦስት ሳምንት ውስጥ የተሻሻለው ወረቀት ቀረበ። ሙሾ በሠልስት ቀን ይፈቀዳል። ነገር ግን ስንኙ አስቀድሞ በጽሑፍ ይቀርባል፣ ሟቹን በቅርብ የሚያውቁ ሦስት ጎረቤቶች እውነት መሆኑን በፊርማቸው ያረጋግጣሉ፣ እድሩም ማኅተም ያደርግበታል። ወረቀቱ ይርገዱ ጋ ሲደርስ ከመጀመሪያው ቃል እስከ መጨረሻው፣ በጣቷ እየተከተለች፣ ግማሽ ሰዓት አነበበችው። ጉባኤው ቆሞ ጠበቃት። ከዚያ ፈረመች።

ማኅተም የተደረገበት የመጀመሪያው ሙሾ ስለ አንዲት ጫማ ወርዋሪ ሴት ነበር። ሠልስቷ ካለፈ ስምንት ወር ቢሆነውም ጉባኤው በልዩ ሁኔታ ፈቀደው። አቶ ወንድይራድ ጎመኑ ፊት በርጩማ ላይ ተቀምጠው ሁለት ሰዓት ሙሉ ሲያወሩ፣ ይርገዱ «ቀስ ይበሉ፣ እጄ አልደረሰም» እያለች ስትጽፍ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ሥራው ብዙም አልገፋም። ሁለት ቤተሰቦች መጥተው ነበር፤ እውነቱን ተናገሩ ሲባሉ ተያይተው፣ ዝምታውን መርጠው ሄዱ። አንዱ «ለአባታችን ‹አንበሳው› ቢባል ምን ይጎዳል?» ብሎ ለመናት። ይርገዱ እጄ አይጽፍም አለችው። ሀናን ለማኅበሩ ባቀረበችው ሪፖርት «ተሳታፊዎቹ ግጥም መጻፍ ከዜሮ ጀምረው ችለዋል» ብላ ጻፈች፤ ይርገዱም ሲነበብላት እውነት ነው ብላ አጸናችው። ደረቷ ላይ የነበረው ድንጋይ ወርዷል። አሁን እንባዋ ከመጠን በላይ ቀሎ አስቸግሯታል፤ ጎመን ስትጠቀልል፣ የማንም ካልሲ ገመድ ላይ ተሰጥቶ ስታይ ይመጣባታል። ጠይባ «ቅድም ሲደርቅ ሐኪም፣ አሁን ሲፈስ ሐኪም» ትላታለች።

ይርገዱ ይህን ለሚያነብ ሰው አንድ ልመና አላት፤ ሳይቀየር ይድረስ ብላለች። ከቤታችሁ ውስጥ አብሯችሁ የሚኖረውን ሰው ዛሬ እዩት። የሚያናድዳችሁን አንድ ነገሩን፣ ሲበላ የሚያሰማውን ድምፅም ይሁን በሩን ሳይዘጋ መሄዱን፣ በራሳችሁ እጅ፣ ቀስ ብላችሁ ጻፉልኝ። ደግነቱን ተዉት፤ ደግነቱን የለቅሶው ቀን ሲደርስ የማያውቀውም ያዋጣላችኋል። ያችን አንዲቱን ግን ከእናንተ በቀር የሚያውቃት የለም፤ ጻፏትና አስቀምጧት።